ሱፐርናቹራል 15ኛ ሲዝን፣ ክፍል 20፦ ዲንን በፌሮ? (ስፖይለር አለው፣ ያልጨረሰ እንዳይገባ)

ጨው_በር_ላይ፦

ጨረስኩት ጓዶች። የጭራቅ አዳኞቹ ወንድማማቾች የዲንና የሳም ዊንቸስተር ድራማ፣ 327 ክፍሉ አለቀ፣ እኔም አብሬ አለቅኩ።

ይሄ ክፍል እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 19 ቀን 2020 ከተላለፈ ጀምሮ ሰው በሱ ሲናከስ እየሰማሁ፣ «እንዳትነግሩኝ» እያልኩ፣ ጆሮዬን ደፍኜ ነው እዚህ የደረስኩት። ማን እንደሚሞት እንኳ ሳላውቅ ነው ላየው የተቀመጥኩት። አሁን የሚያናግረኝ ሰው ካላገኘሁ እንቅልፍ የለም።

አጀማመሩ እንዴት ደስ ይላል! ዲን ከእንቅልፉ ይነሳል፣ ሚራክል የሚባለው ውሻ አልጋው ላይ ዘሎ ይወጣበታል። ሳም ሮጦ ይመለሳል። ቁርስ ይበላል። ከዚያ የፓይ ፌስቲቫል ይሄዱና ሳም ፓዩን ዲን ፊት ላይ ይለጥፍለታል። እኔ እንደ ጅል ብቻዬን ፈገግ ብዬ ነው የማየው። ምክንያቱም ቸክ የለም። ክፍል 19 ላይ ኃይሉን የሉሲፈር ልጅ ጃክ ወስዶበት ተራ ሰው ሆኖ ቀርቷል። (ቸክ ማለት በድራማው ውስጥ እግዚአብሔር የሆነው ገጸ ባሕርይ ነው፣ ያላያችሁ እንዳትቆጡኝ። ደግሞስ ያላያችሁ እዚህ ምን ትሠራላችሁ?) ወንድማማቾቹ ለመጀመሪያ ጊዜ የማንም መጫወቻ አይደሉም። አሁን ኑሮ ሊጀምሩ ነው ብዬ ተመቻችቼ ተቀመጥኩ።

ከዚያ ያቺ ጉዳይ መጣች። ጭምብል ያደረጉ ሰዎች አንድ ቤት ይገባሉ፣ አባትየውን ይገድላሉ፣ የእናትየውን ምላስ ይቆርጣሉ፣ ልጆቹን ይዘው ይሄዳሉ። ዲን የአባታቸውን ማስታወሻ ደብተር ገልጦ ያገኛታል። ቫምፓየሮች። በነሱ ቤት ይሄ ሥራ እንኳ አይባልም። አሮጌ ጎተራ ይገባሉ፣ ይደባደባሉ፣ አንዱ ቫምፓየር ዲንን ወደ ምሰሶ ይገፋዋል፣ ከምሰሶው ላይ ደግሞ ፌሮ ወጥቷል። ጀርባው ላይ ተሰካ። አለቀ!

ፌሮ! ሞትን ራሱን በገዛ ማጭዱ የገደለ ሰው፣ ከሲኦል ተመልሶ የመጣ ሰው፣ የፈጣሪን እህት አነጋግሮ ያበረደ ሰው፣ ግንበኛ የረሳው ብረት ገደለው።

አለቀስኩ፣ አልክድም። ሳም «እርዳታ ልጥራ» ሲለው ዲን «ቆይ፣ አትሂድ» የሚለው ነገር አንጀቴን ነው የበላው። ስታንፎርድ ሊወስደው የመጣ ሌሊት ከበሩ ውጪ ለሰዓታት ቆሞ እንደነበር፣ «ጥፋ ከዚህ» እንዳይለው ፈርቶ እንደነበር ሲነግረው ደግሞ ጭራሽ አልቻልኩም። 15 ሲዝን ሙሉ ደፍሮ የገባ ነበር የመሰለኝ። ግን አልቅሼ ስጨርስ ተናደድኩ። ይሄ የድርሰት ድክመት ነው ወይስ እኔ ያልገባኝ ነገር አለ? አስረዱኝ እስቲ፣ በደንብ አስረዱኝ።


ኢምፓላ67፦

እንኳን ደህና መጣህ/ሽ ወደ ሐዘንተኞች ማኅበር።

እኔ ከሚወዱት ጥቂቶች አንዱ ነኝና ተራዬን ልውሰድ። «ተራ አሟሟት ነው» የሚለው ቅሬታ እኮ መልሱን ራሱ ይዞት ነው የመጣው። ተራ የሆነው ቸክ ስለሌለ ነው። እስከዚያ ድረስ ዲን ስንት ጊዜ ሞተ? ሁሌም ግን አንድ ሰው ይመልሰዋል። ወይ መልአክ፣ ወይ ውል፣ ወይ ጥንቆላ። ያ ሁሉ የሆነው ከላይ ተቀምጦ የሚጽፍላቸው ስለነበረ ነው፣ ታሪኩ እንዲያልቅበት ስለማይፈልግ። ጸሐፊው ሲባረር ጥበቃውም አብሮ ሄደ። ነፃነት ፈለጉ፣ ነፃነት ማለት ደግሞ ፌሮውም ሊወጋህ ይችላል ማለት ነው።

ይሄን ደግሞ ቀድመው ነግረውናል። በዚያው ሲዝን ክፍል 10 ላይ ቸክ የጀግና ዕድላቸውን ሲነጥቃቸው ምን ሆኑ? መኪናው ተበላሸ፣ ሳም ጉንፋን ያዘው፣ ዲን የበላው ሁሉ ሆዱን ነፋው፣ ጥርሱ ሁሉ ተቦርቡሮ ተገኘ፣ የጥርስ ሐኪም የሆነው ጓደኛቸው ጋርዝ ተቀምጦ ጥርሱን ሞላለት። ሁላችንም ሳቅን። ቀልድ መስሎን ነበር፣ ለካ የመጨረሻውን ክፍል እያሳዩን ነው።

ወደኋላ ሂዱና አንደኛው ሲዝን ክፍል 12ን እዩት። ዲን ውኃ ላይ ቆሞ በኤሌክትሪክ መሣሪያ አንዱን ጭራቅ ይመታል፣ ራሱም ይነዝረዋል፣ ልቡ ይጎዳል፣ ሐኪም ቤት ተኝቶ ሞቱን ይጠብቃል። መልአክ የለ፣ ሉሲፈር የለ። ሥራው ላይ ተጎዳ፣ በቃ። ድራማው ሲጀመር እንዲህ ነበር። የአዳኝ ሕይወት እንዲህ ነው የሚያልቀው ብለው ከመጀመሪያው ነግረውናል፣ እኛ ነን በመሃል በመላእክት ጦርነት ተወስደን የረሳነው።

ቫምፓየሯን ልብ ብላችኋል? ጄኒ ናት። አንደኛው ሲዝን ላይ ከአባታቸው ጋር ሆነው ያን የቫምፓየር መንጋ ሲያድኑ የነበረችው። ዓለም ሁሉ ተገለባብጦ እሷ ከ14 ዓመት በኋላም እዚያው ሥራዋ ላይ። ለኔ በጣም አሪፍ ነው።


ማክሰኞ_ነው፦

ኢምፓላ፣ አነጋገርህ ያምራል፣ ግን አንዷን ዘለልካት። ክፍል 11! የዕድል አምላኳ ፎርቹና ጋር ፑል ተጫውተው ዕድላቸው ተመለሰላቸው እኮ። ስለዚህ ፌሮው ጋ ሲደርስ ዕድሉ የት ሄደ? ዕድሉ የቸክ ስጦታ ከሆነ ፎርቹና ከየት አምጥታ ሰጠቻቸው? ዕድሉ ራሱን የቻለ ነገር ከሆነ ደግሞ የቸክ መሄድ አይመለከተውም። አንዱን ምረጥ።

ደግሞ «ተራ ሞት ትርጉም አለው» የምትሉትን ቀድሞ የሠራው ክፍል አለ። ስሜን አታዩም እንዴ? ሦስተኛው ሲዝን ክፍል 11 ላይ ዲን ማክሰኞ ማክሰኞ እየተደጋገመ ከመቶ ጊዜ በላይ ይሞታል። መኪና ይገጨዋል፣ ዕቃ ይወድቅበታል፣ ቋሊማ ያንቀዋል። ያኔ ተራ ሞት ኮሜዲ ነበር፣ ሥር ሥሩን ግን ሳም ቀስ በቀስ ሲያብድ እናያለን፣ ረቡዕ ሲመጣ ደግሞ ጨጓራችንን ላጡን። እዚያ ተራው ሞት ሳም ላይ የሚሠራውን ሥራ ቁጭ ብለን እናያለን። የመጨረሻው ክፍል ላይ ግን ዲን ይሞታል፣ ይቃጠላል፣ ሳም ዲን ክፍል ገብቶ ትንሽ ያለቅሳል፣ ስልክ ይደወላል፣ የሚኖሩበትን ባንከር መብራት አጥፍቶ ይወጣል፣ ከዚያ የሽማግሌው ሳም ዊግ።

ኧረ ያ ዊግ! እስቲ ስለ ዊጉ የሚከላከል ሰው ይምጣ።


ጨው_በር_ላይ፦

ዊጉን እያየሁ እንባዬ መሃል ላይ ቆመ። ሽምግልና ሳይሆን የቴአትር ክበብ ነው የመሰለኝ።

ግን ማክሰኞ ያልከው ነገር ልክ ነው፣ የከነከነኝም እሱ ይመስለኛል። መሞቱ አይደለም፣ ፍጥነቱ ነው። ገና ግማሽ አካባቢ ሞተ፣ የቀረው ግማሽ የሳም ዕድሜ ልክ ነው። ሚስቱ እንኳ ከኋላ ደብዝዛ ነው የታየችው። ማናት? ፍቅረኛው አይሊን ናት? ለምን ፊቷን አያሳዩንም?


የካስ_ካፖርት፦

ሁላችሁም ስለ ፌሮ ታወራላችሁ፣ ስለ መልአኩ ካስ ግን አንድ ሰው አልተነፈሰም። ይሄው ነው እኮ ችግሩ፣ ደራሲዎቹም እንዲሁ ነው ያደረጉት።

እስቲ አስቡት። ክፍል 18፣ ኖቬምበር 5። የሞትን ቦታ የያዘችው ቢሊ በሩን እየደበደበች ነው፣ ዲንና ካስ መውጫ የላቸውም። ካስ እውነተኛ ደስታ በተሰማው ቅጽበት መላእክት ሲሞቱ የሚሄዱበት «ባዶው» መጥቶ እንደሚወስደው ከ14ኛው ሲዝን ጀምሮ ውል አለበት። እና ምን አደረገ? ለዲን እንደሚወደው ነገረው፣ መናገሩ ብቻ ደስታ ሆነለት፣ ባዶው መጣ፣ ቢሊንም እሱንም ጠቅልሎ ወሰዳቸው። ዲን ግድግዳ ተደግፎ መሬት ላይ ቀረ። ስልኩ ይጮኻል፣ ሳም ነው የሚደውለው፣ አያነሳም። እኔ በ15 ዓመቱ ድራማ ውስጥ ከዚያ ስልክ የከበደ ድምፅ አልሰማሁም።

ከዚያስ? ከሁለት ክፍል በኋላ ፓይ ፌስቲቫል ላይ ሳም ስሙን ይጠራል፣ ዲን ሕመሙ አይጠፋም ግን ካልኖርን መስዋዕትነታቸው ከንቱ ነው ይላል፣ እሺ፣ እሷ ጥሩ ናት። ገነት ሲደርስ ደግሞ እንደ አባት የነበረው ቦቢ፣ ይሄን ሁሉ የሠራው ጃክ እንደሆነ ይነግረውና ካስ እንዳገዘ ጣል ያደርጋል። ዲን ፈገግ ይላል። በቃ! አንዲት ዓረፍተ ነገር። የት ነው ያለው? እንዴት ከባዶው ወጣ? አይመጣም? ሰውየው ቢራውን ጠጥቶ መኪናውን አስነስቶ ሄደ።

ቦታውን ደግሞ እዩት። ካስ መጀመሪያ የታየው የት ነው? አራተኛው ሲዝን፣ ክፍል 1፣ እ.ኤ.አ. 2008። ጎተራ ውስጥ! ዲንና ቦቢ ግድግዳውን በምልክት ሞልተው ይጠብቁታል፣ በሩ በርግዶ ይከፈታል፣ አምፖሎቹ ከላይ እየፈነዱ ብልጭታ ይዘንባል፣ እሱ በመሃሉ ቀስ ብሎ ይራመዳል። ዲን ጩቤ ደረቱ ላይ ይሰካበታል፣ ካስ ነቅሎ ይጥለዋል። ከሲኦል ያወጣሁህ እኔ ነኝ ያለው እዚያ ነው። ከ12 ዓመት በኋላ ዲን ጎተራ ውስጥ ብረት ተሰክቶበት ይሞታል፣ ካስ የለም። ይሄን አውቀው ካደረጉት ጨካኞች ናቸው፣ ሳያውቁ ካደረጉት ደግሞ የገዛ ድራማቸውን አያዩም። የቱ እንደሚሻል አላውቅም።


ጨው_በር_ላይ፦

አቦ የጎተራውን ነገር አላስተዋልኩም ነበር! አሁን ደግሞ አዲስ ንዴት ሰጠሽኝ።


አሮጌ_አዳኝ፦

ልጆች ትንሽ ቀዝቀዝ በሉ። ይሄን ድራማ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 2005 ዓ.ም. ሲጀመር ጀምሮ የተከታተልኩ ሰው ነኝና ሁለት ነገር ልበል።

አንደኛው ኮቪድ። ይሄ ክፍል የተቀረፀበትን ጊዜ አትርሱ። ቫንኩቨር ላይ ሊጨርሱ ሁለት ክፍል ብቻ ሲቀራቸው ማርች 2020 ላይ ቀረፃው ቆመ። በኦገስት ነው የተመለሱት፣ ያውም ስንት ዓይነት ጥንቃቄና ገደብ እያለ። ገነት ላይ ቦቢ ብቻውን በረንዳ ላይ ተቀምጦ የሚጠብቀው፣ የ15 ዓመት ሰው ሁሉ ተሰብስቦ የማይታየው፣ ያን ጊዜ ሰው መሰብሰብ እንዴት እንደነበረ ሳታስቡ አትፍረዱ። ዊጉን ግን ኮቪድ አልሠራውም፣ እሱን አልከላከልም።

ሁለተኛው፣ እናንተ የምትጨቃጨቁበት መጨረሻ ለኔ ሁለተኛው መጨረሻ ነው። ኤሪክ ክሪፕኪ ድራማውን ሲፈጥረው በአምስት ሲዝን ነበር ያሰበው፣ አምስተኛውን ሲጨርስም ወንበሩን ለሌላ አስረክቦ ወጣ። የአምስተኛው ሲዝን መዝጊያ፣ ሜይ 13 ቀን 2010 የተላለፈው፣ እሱ ራሱ የጻፈው ነው። እሱን እንደገና እዩትና ከዚህኛው ጋር አስተያዩት።

ሉሲፈር የሳምን ሥጋ ለብሶ ዲንን ይቀጠቅጠዋል። የዲን ፊት አብጦ ዓይኑ አይታይም። ዲን አይመታውም፣ እዚህ ነኝ፣ ጥዬህ አልሄድም ይለዋል። ቡጢው ተሰንዝሮ አየር ላይ እያለ ፀሐይ ኢምፓላው ላይ ታብለጨልጫለች፣ ሉሲፈር ዓይኑን ወደ መኪናው ውስጥ ይልካል፣ እዚያ ሲጋራ መተርኮሻው ውስጥ ሳም በልጅነቱ የሸጎጣት የፕላስቲክ ወታደር ተቀርቅራለች። በቃ፣ ሳም ተመለሰ። የዓለም ፍጻሜ የቆመው በአንዲት መጫወቻ ነው። ጦር የለም፣ መልአክ የለም። ዲንን ይሰናበተዋል፣ ሚካኤልን ይዞ ጉድጓዱ ውስጥ ይወድቃል።

ያ ክፍል ትንሿን ነገር ወስዶ ትልቁን ነገር ያቆምባታል። ፌሮውም ትንሽ ነገር ነው፣ ግን ምንም አያቆምም፣ ዝም ብሎ ይገድላል። ኢምፓላ ይሄን ነፃነት ይለዋል። እኔ ቀሽም ባልለውም ዕዳው ያልተከፈለ ትዕይንት እለዋለሁ። ፌሮው ከመታየቱ በፊት አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ዲን አሁን የሚጠብቀኝ የለም ብሎ ሲያስብ ቢያሳዩን ኖሮ እኔም እስማማ ነበር።


ኢምፓላ67፦

አሮጌ አዳኝ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ እሱን ቢያሳዩን ሞቱን ከሩቅ እናውቀው ነበር። ድንገተኛ መሆኑ ነው የሚያመው። ማክሰኞ፣ የፎርቹናን ነገር ግን መልስ የለኝም። ጎሉን አግብተሃል።

ሌላ ላስቆጥር። ሳም ዲንን «አሁን መሄድ ትችላለህ» ይለዋል። ከስንት ዓመት በኋላ ሳም ራሱ አርጅቶ ሲያጣጥር ልጁ፣ ስሙ ዲን የሆነው፣ ክንዱ ላይ ያን አጋንንት የሚከላከል ንቅሳት ያለበት፣ ያንኑ ቃል ይለዋል። 15 ሲዝን ሙሉ እነዚህ ሁለቱ አንዱ ሌላውን መልቀቅ ባለመቻል ነው ዓለምን ያመሱት። ዲን ነፍሱን ሸጠ፣ ሳም ከጋኔኗ ሩቢ ጋር ገጠመ፣ ኧረ ስንቱ! ሁሉም መከራ የመጣው «አልለቅህም» ከሚለው ነው። በመጨረሻ ለቀቀው። ወደ መስቀለኛ መንገድ ሄዶ ከጋኔን ጋር ውል አልተዋዋለም፣ መጽሐፍ አልገለጠም። ተወው። ሳም ይሄን ያደረገው ዲን ስለለመነው ነው፣ እናም ልጅ አሳደገ፣ አረጀ። ሞቱ ተራ ባይሆን ኖሮ ሳም ሊበቀለው የሚችል ጠላት ይኖረው ነበር። ፌሮን ምን ብለህ ትበቀለዋለህ?


ጨው_በር_ላይ፦

...

እሺ። ይሄኛው ገባኝ። አልወደድኩትም፣ ግን ገባኝ። ሳም አርጅቶ ጋራዡ ውስጥ ኢምፓላው ላይ ተቀምጦ መሪውን የሚይዝበትን ቦታ አሁን በሌላ ዓይን ነው የማየው። መሪውን ይይዛል እንጂ መኪናውን አያስነሳውም።

ካፖርት ያነሳችው ግን አሁንም ይቆጠቁጠኛል። ሳም መልቀቅ ከተማረ ጥሩ። ዲን ግን ገነት ገብቶ፣ ጊዜው ሁሉ የሱ ሆኖ፣ ካስ በሕይወት እንዳለ ሰምቶ፣ «ትንሽ ልንዳ» ብሎ ይሄዳል? ወዴት? ማንን ፍለጋ?


ማክሰኞ_ነው፦

ታርጋውን አይተኸዋል ግን? ገነት ውስጥ ኢምፓላው የድሮው የካንሳስ ታርጋ ነው ያለው፣ የመጀመሪያው ክፍል ላይ የነበረው። ከዚያ የሲዝን መዝጊያዎቹ ዘፈን ከሬዲዮው ይጀምራል። ስንት ነገር ተችቼ እሷ ላይ ስደርስ ግን ያው እንደ ማንም ተነፋረቅኩ። ሰው አትሁኑ።


የካስ_ካፖርት፦

«ወዴት ነዳ» ለሚለው ግማሽ መልስ አለ። እ.ኤ.አ. 2022 የጀመረው ስለ እናትና አባታቸው ወጣትነት የሚያወራው ድራማ፣ ዘ ዊንቸስተርስ የሚባለው፣ ተራኪው ዲን ነው፣ ጄንሰን አክለስ ራሱ። የሚተርከው ከዚያ የገነት ጉዞ ላይ ሆኖ ነው፣ የሚነዳበትን ምክንያትም መጨረሻ ላይ ይናገራል። ከዚህ በላይ አልናገርም። ካስን ፍለጋ ግን አትግቡ፣ እኔ በዚያ ተስፋ ነበር የጀመርኩት።


ጨው_በር_ላይ፦

ስንት ክፍል ነው? ረጅም ከሆነ አቅም የለኝም።


አሮጌ_አዳኝ፦

13 ብቻ ነው፣ በ2023 ተቋርጧል። የአባትየውና የእናትየው ታሪክ እኛ ከምናውቀው ጋር አይገጥምም ብለህ በመሃል እንዳትተወው፣ ምክንያት አለው፣ ታገሥ። ከዚያ በፊት ግን የአምስተኛውን ሲዝን መዝጊያ እንደገና እየውና እዚሁ ተመለስ፣ ክርክሩን አልጨረስንም።


የካስ_ካፖርት፦

ክፍል 18ንም።


ማክሰኞ_ነው፦

ዊጉንም።